ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ይጻፉ

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን በአንባብያን ገጻችሁ ላይ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን የትውልድ መዝገብ የመያዝ ልማድ ስላልነበረን የዘር ሐረጋችንን ከአያት በላይ በጽሑፍ ልናገኘው እንደማንችል የሚያትት አስተያየት አንብቤአለሁ። የጸሐፊውን ቁጭት እጋራለሁ፤ ድምዳሜያቸውን ግን አልቀበልም። ያለፉትን አራት ዓመታት በሰሜን ሸዋ አጥቢያዎች ውስጥ የእናቴን ወገን ስፈልግ ስለ ከረምሁ፣ የተጻፈ ነገር እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ የተጻፈው ስለ ሌላ ጉዳይ መሆኑና የተጻፈበትም የክርስትና ስም እንጂ እኛ በቤታችን የምንጠራበት ስም አለመሆኑ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው መዝገቡ ፊቱ ተዘርግቶለት እንኳ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት የገጠመኝ ይኸው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በልጄ ጋብቻ ነው። ሊያገባት የመጣው ልጅ ቤተሰብ ከመንዝ ጌራ ምድር መሆኑ ሲታወቅ፣ የእናቴም ወገን ከዚያው ስለሚመዘዝ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ። በአባቴ በኩል ቆጠራው ያለ ችግር ሄደ፤ አጎቴ ሁለተኛውን ስኒ ቡና ሳይጨርስ ሰባተኛውን አልፎ ስምንተኛው ላይ ደረሰ። በእናቴ በኩል ግን እናቴን፣ አያቴንና ቅድመ አያቴን ከቆጠርን በኋላ ሁላችንም ዝም አልን። ቅድመ አያቴ ከአንኮበር አካባቢ ተድራ ወደ ጌራ የመጣች መሆኗን ሁሉም ያውቃል፤ የማን ልጅ እንደሆነች ግን የሚናገር አልተገኘም። የሙሽራው ወገን የራሱን ቆጠራ በሁለቱም በኩል አሟልቶ ስላቀረበና በውስጡ የአንኮበር ሰው ስላልነበረበት ሽማግሌዎቹ ተስማሙ፤ ሠርጉም በሰላም አለፈ። እኔን ግን ያ ዝምታ አላስተኛኝም፤ ጡረታ የወጣ መምህር ደግሞ ጊዜ አያጣም።

በመጀመሪያ የሄድሁት ቅድመ አያቴ ወደተቀበረችበት አጥቢያ ነበር። ስሟን፣ የባሏን ስምና መንደሯን በወረቀት ጽፌ አቀረብሁ። ቄሰ ገበዙ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ «መምህር፣ ይህ የዓለም ስም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ስም አታውቃትም» አሉኝ። የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልሁ። የአያቴንስ? አላውቅም። የእናቴን እንኳ ያወቅሁት በፍትሐቷ ዕለት ካህናቱ ሲጠሩት ሰምቼ ነው። ቄሰ ገበዙ ፈገግ ብለው፣ እንግዲያውስ ከመጽሐፍ በፊት ሰው ፈልግ ሲሉ አሰናበቱኝ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ የተሻለ ምክር ከማንም አልተቀበልሁም።

አንዲት የመንዝ ሴት በዕድሜዋ ስንት ስም ሊኖራት እንደሚችል ተቀምጬ ቆጥሬ አውቃለሁ። ስትወለድ እናትና አባቷ የሚያወጡላት ስም አለ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ብዙውን ጊዜ በ«ወለተ» ወይም በ«አመተ» የሚጀምር ስም ይሰጣታል። ስታገባ አማቷ ሌላ ስም ታወጣላታለች፤ በባሏ ቤትና በባሏ መንደር የምትታወቀውም በዚህኛው ነው። ባሏ ሞቶ ቆብ ስትጭን ደግሞ የምንኩስና ስም ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ የልጅ ልጆቿ የሚያውቋት «እማሆይ» ብለው ብቻ ነው። ወንዱም በአርባ ቀኑ «ገብረ»፣ «ወልደ» ወይም «ኃይለ» ተብሎ ክርስትና ይነሣል፤ ጦር የዋለ ከሆነ በፈረስ ስሙ የሚጠራበት ጊዜም አለ። በታላላቆቹ ዘንድ ነገሩ የተለየ አልነበረም። በአንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነው፤ የእቴጌ ጣይቱ የክርስትና ስም ወለተ ሚካኤል ነው። ተፈሪ መኰንን በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተብለው ስለነገሡ ሁለቱንም ስም ሁሉም ሰው ያውቃል። የነገሥታቱ ስሞች በየታሪክ መጽሐፉ ስለተያያዙ አንቸገርም፤ የገበሬዋን አራት ስሞች ግን አንድ ላይ የጻፈ የለም።

በዚህ ላይ የክርስትና ስም በአገራችን እንደ ምሥጢር የሚጠበቅ ነው። መተተኛ ስሙን ካወቀ ይደግምበታል ተብሎ ስለሚፈራ እናት ለጎረቤት አትናገርም፤ ለባዕድማ ጭራሽ አይነገርም። ልማዱ ይክፋም ይልማ፣ ውጤቱ ግን ስሙን የሚያውቁት ሁለትና ሦስት ሰዎች ሲሞቱ በመዝገቡና በቤተሰቡ መካከል ያለው ድልድይ አብሮ መፍረሱ ነው። እኔም በዚህ ደብዳቤ የዘመዶቼን የክርስትና ስም ያልጻፍሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዲት አክስቴ በሕይወት ስላሉ ቃሌን ማክበር አለብኝ።

ቄሰ ገበዙ ፈልግ ያሉኝን ሰው በሁለተኛው ዓመት አገኘሁት። የአያቴ የነፍስ አባት ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ልጃቸው ግን እርሳቸውም መምሬ ሆነው በዚያው አጥቢያ ያገለግላሉ። አባታቸው የንስሐ ልጆቻቸውን የክርስትና ስም በቅዳሴና በተዝካር ጊዜ ለማንሣት እንዲመቻቸው በአንዲት የተማሪ ደብተር ላይ ቤት በቤት ለይተው ጽፈው ኖሯል። ሽፋኗ የረገፈ፣ ጠርዟን አይጥ የቀመሳት ደብተር ናት። የአያቴ ቤት በአንድ ገጽ ላይ ሰፍሯል፤ በሕይወት ያሉት በላይ፣ የሞቱት ከሥር። ከሞቱት መካከል የመጀመሪያው «የባለቤቲቱ እናት» ከሚል ቃል ጋር የተጻፈ በ«ወለተ» የሚጀምር ስም ነበር። ማንም የታሪክ ተመራማሪ ይህችን ደብተር እንደ መዝገብ አይቆጥራትም፤ ለእኔ ግን የሁለት ዓመት ፍለጋ የተፈታው በእርሷ ነው።

ይህን ስም ይዤ ወደ አንኮበር ወረድሁ። የአንኮበርን አጥቢያዎች ለሚያውቅ ሰው፣ ከተማዋ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ለአብያተ ክርስቲያናቱ የተሰጠው መጽሐፍ ብዙ መሆኑን መናገር አያስፈልገኝም። በአካባቢው ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ፣ አስተዳዳሪው ፈቅደውልኝ፣ መሪጌታው ደግሞ አጠገቤ ቆመው ገጹን እየገለጡልኝ፣ በወንጌሉ መጨረሻ ባዶ በቀሩት ቅጠሎች ላይ የተጻፉትን ማስታወሻዎች አንድ በአንድ አየን። በእነዚያ ቅጠሎች ላይ ያልተጻፈ ነገር የለም፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ስለተሰጠ መሬት፣ ስለ ደወልና ስለ መጎናጸፊያ፣ ስለ ውርስ ክርክርና ስለ ዕርቅ፣ ለአባትና ለእናት ነፍስ መታሰቢያ ስለገባ መጽሐፍ ተጽፏል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ማስታወሻ፣ የቅድመ አያቴን የክርስትና ስም የያዘች ሴት ከባሏ ጋር ሆና አንድ ዳዊት ለአባቷ ነፍስ መታሰቢያ እንዳስገባች ይናገራል፤ የአባቷንም ስም ይጠራል። የባሏም ስም በነፍስ አባቱ ደብተር ላይ ካለው የቅድመ አያቴ ባል ስም ጋር አንድ ሆኖ ስለተገኘ፣ ስመ ሞክሼ ናት ብዬ አልጠረጠርሁም።

ዳዊቱ ራሱ አሁንም በዕቃ ቤት አለ። እንደሚታወቀው በእጅ በተጻፉት ዳዊቶቻችን ውስጥ በየመዝሙሩ ክፍል መጨረሻ «ለገብርከ» (ለባሪያህ) ወይም «ለአመትከ» (ለገረድህ) ተብሎ የባለቤቱ ስም ይገባበታል፤ መጽሐፉ በግዢ ወይም በስጦታ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ የፊተኛው ስም ይፋቅና የኋለኛው ይጻፍበታል። በዚህኛውም ዳዊት ስሞቹ በሙሉ ተፍቀው ሌላ ተጽፎባቸዋል። ፋቂው ግን ደክሞት ይሁን ረስቶት፣ አንዲት ቦታ ላይ የፊተኛው ስም እንዳለ ቀርቷል፤ ያም ስም በወንጌሉ ላይ የተጠራው የቅድመ አያቴ አባት ስም ነው። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን»፣ ማለትም የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚለው ግዝት ከፊት ለፊቱ ተጽፎ እያለ የፋቀው ሰው ምን እንዳሰበ እንጃ፤ ስንፍናው ግን ለእኔ በጅቶኛል።

እንግዲህ ፍለጋው በዚህ የተጠናቀቀ ይመስላል። አልተጠናቀቀም። አሁን በእጄ ያለው የሰውየው የክርስትና ስም ብቻ ነው፤ ጎረቤቱና ዳኛው የሚጠሩበትን የዓለም ስሙን አላውቀውም። ስለዚህ ከሽማግሌዎች አፍ ከሚወርደው ትውልድ ጋር ላገናኘው አልቻልሁም። እርሱ የሚገኝበት የአንኮበር ወገን ምናልባት ደብረ ብርሃን ላይ በየቀኑ ሰላም የምለው ሰው ቤት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ስም በቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ስም በሰው አፍ ሆኖ ስለቀረ ግን ሳንተዋወቅ እንተላለፋለን።

ስለ አፈ ታሪኩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይህን ከጽሑፍ ያነሰ አድርጎ ስለሚያየው ነው። የሸዋ ሽማግሌ ትውልድ የሚቆጥረው ለወግ ብቻ አልነበረም። በመንዝ አጽመ ርስት፣ ማለትም ከአባቶች የሚወረስ መሬት፣ የሚገኘው በአቅኚ አባት በመቆጠር ሲሆን፣ ቆጠራው በአባትም በእናትም ስለሚሄድ፣ መሬት ፈላጊው በመካከል ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ መጥራት ነበረበት። ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉት የመንዝ ክፍሎች ራሳቸው በአባቶች ስም የሚጠሩ ናቸው። ጓሳ በሚባለው የመንዝ የጋራ ሣር ምድር ሣር የማጨድና ከብት የማሰማራት መብት እንኳ፣ ቄሮ በሚባለው የቀድሞ የአጠባበቅ ሥርዓት፣ አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚ አባቶች ዘር በመቆጠር የሚገኝ ነበር። ቆጠራ የሳተ ሰው መሬት ያጣ ነበር፤ ስለዚህ ቆጠራውን ጠንክረው ይማሩት ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ግን በቆጠራ የሚገኝ መሬት ስለቀረ፣ ቆጠራውን ለልጅ የሚያስተምር አባትም እየቀነሰ መጣ። አዋጁ ለብዙ ገባር ያስገኘውን ፍትሕ የምክድ አይደለሁም፤ አባቴ ራሱ ያን ቀን ሲያነሣ ፊቱ ይበራ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የርስት ክርክር ቆጠራ የተከራካሪ ቆጠራ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ መሬቱ ወዳለበት አባት ለመድረስ አንድ ትውልድ የዘለለ ወይም የማያውቀውን አያት የተጠጋ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች፣ ጥቅም በሌለበት ጉዳይ ላይ፣ አንድ ዓይነት ካልቆጠሩ በስተቀር እኔ አልጽፈውም።

የዓመቱ ነገር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የብራና ማስታወሻዎች ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት አይጠቅሱም፤ «በዘመነ ማርቆስ በወርኃ ግንቦት» ብለው የንጉሡን ወይም የአለቃውን ስም ያስከትላሉ። ዘመነ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳልና ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ከሌላ ነገር ጋር ሲጋጠም ግን ይበቃል። ለምሳሌ አያቴ የተወለደችው ሰገሌ ካለፈ በኋላ፣ የኅዳር በሽታ ሳይገባ፣ በዘመነ ማርቆስ ነው ይባል ነበር። የሰገሌ ጦርነት የሆነው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ የኅዳር በሽታ የገባው በ1911 ዓ.ም. ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለ4 ስናካፍለው ቀሪው 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 2 ቢሆን ማርቆስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው፤ በዚህም 1909 የማቴዎስ፣ 1911 የሉቃስ ዓመት ስለሚሆን፣ በመካከል ያለው 1910 ብቻ የማርቆስ ነው። የቀበሌ መታወቂያዋ ግን 1900 ይል ነበር፤ ጸሐፊው ድፍን ቁጥር ስለቀለለው አሥር ዓመት አስረጅቷታል። በመንግሥት ማኅተም የተረጋገጠው ተሳስቶ የአሮጊቶቹ ወሬ ትክክል ሆኖ የተገኘበት ይህ ብቻ አይደለም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ጎረቤቶቻቸው የአሥራ አምስት ትውልድ የጥምቀት መዝገብ እያወጡ ሲያሳዩአቸው እንደሚቀኑ ይነግሩኛል። ነገሩ ቅናት ሳይሆን ማስተዋል ይገባዋል። በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ የታዘዘው በፈረንጆች 1538፣ በእኛ በ1531 ዓ.ም. መግቢያ ነው። በዚያው ጊዜ በሸዋ ደብረ ሊባኖስ ከተቃጠለ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የኢማም አሕመድ ጦርነት ገና አላለቀም፤ ካህናቱም መጽሐፍ ከእሳት ለማዳን ወደ ዋሻና ወደ ደሴት ይሸሹ ነበር። ከዚያ በኋላም በጠላት ወረራ ዘመን፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲያልቁ፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ሸዋ ዘረት ዋሻ የተጠለለው ሕዝብ በመርዝ ጋዝና በጥይት ሲፈጅ፣ ፍትሐት የሚያደርግላቸውና ስማቸውን የሚጽፍላቸው እንኳ ሳያገኙ የቀሩ ብዙ ናቸው። ቤተሰቡ በዚያ ዘመን የተቋረጠበት ሰው የአጥቢያ መዝገብ ቢያጣ ጥፋቱን በካህናቱ ላይ ባያደርግ እመክራለሁ። የመንግሥቱም ምዝገባ ቢሆን የቅርብ ነው፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ቢደነገግም ሳይሠራበት ኖሮ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

እስከ አጥቢያው ድረስ ለመሄድ አቅም ለሌለው ሰው አንድ መንገድ አለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮ ፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹም ዛሬ በኢንተርኔት ለንባብ ቀርበዋል። ከመጻሕፍቱ ብዙውን የመረመሩትና ዝርዝሩን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የራሳችን የሸንኮራ ሰው ነበሩ። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የባለቤቶቹን፣ የአስጻፊዎቹንና በኅዳጉ የተጠቀሱትን ሰዎች ስም ስለሚያወጣ፣ የክርስትና ስም በእጁ ያለ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ ሊፈልግበት ይችላል። በተረፈ በአዲስ አበባ ወመዘክርና በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ። በመርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሰዎችን አጫጭር የሕይወት ታሪክ አሰባስበው ያሳተሙት መጽሐፍም ዘመዱ ሹመት ነበረው ለሚባል ሰው መነሻ ይሆነዋል፤ የኔ ዓይነቱ ገበሬ ግን እዚያ አይገኝም።

የስም ማውጫ የሚባለውን በተመለከተ፣ ፈረንጆቹ በየመንገዱና በየሙያው የሚያሳትሙት ዓይነት ለእኛ ብዙ አልተሠራልንም። የድሮው የስልክ ማውጫ አለ፤ በራስ ስም ፊደል ተራ የተደረደረ ስለሆነ ሁለት ወንድማማቾች መቶ ገጽ ተራርቀው ይገኛሉ፤ የቤተሰብ ስም በሌለው አገር ሌላ መላም አልነበረውም። የእኛ እውነተኛ ማውጫ የእድር መዝገብ ነው። የእድር ጸሐፊ የባለቤቱን፣ የሚስቱን፣ የልጆቹንና አብሮት የሚኖር ወላጅ ካለ የእርሱን ስም በዝርዝር ይይዛል፤ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ስለሆነም ስሕተት አያስተኛውም። የጽዋ ማኅበርና የሰንበቴ ደብተርም ተረኛውን በስሙ ይመዘግባል፤ ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ዘንድ ተቀምጦ የሃምሳ ዓመት ተራ የያዘ ደብተር አይቻለሁ። ከ1965 ዓ.ም. የቃለ ዓዋዲ ደንብ ወዲህ ደግሞ ሰበካ ጉባኤያት ምእመናንን በየቤተሰቡ ይመዘግባሉ። ይህ መዝገብ በአግባቡ በተያዘበት አጥቢያ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ስም የሚይዝ እርሱ ብቻ ነው። በይፋት በኩል ዘመድ ያለው ሰው ግን አንዱ ቅርንጫፍ እስላም ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ቄሱ ዘንድ ያጣውን ከሼሁ ዘንድ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ እመጣለሁ። በዚህ ፍለጋ ውስጥ ከገባሁባቸው አጥቢያዎች በአንዱ፣ አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ የቀድሞው የክርስትና መዝገብ ከሲሚንቶ ከረጢት ጋር በአንድ መጋዘን ተጥሎ፣ ክረምቱ ጣሪያውን ጥሶ ገብቶበት፣ ገጾቹ እንደ ጭቃ ተጣብቀው አገኘሁት። የአጥቢያውን ስም አልጠራም፤ ማንንም ለማሳፈር አልጻፍሁም። ሕንፃው ያማረ ነው፤ ለእርሱም ገንዘብ ያወጡት ምእመናን ስማቸው በእብነ በረድ ተቀርጿል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ክርስትና የተነሡ ሕፃናት ስም ግን በዚያ መጋዘን ውስጥ ቀርቷል። አንድ የብረት ሣጥን ምን ያህል እንደሚያወጣ ጠይቄ ነበር፤ ከደወሉ ገመድ ብዙም አይበልጥም።

የተረፉት መዝገቦችም ቢሆኑ አያያዛቸው ወጥ አይደለም። አንዳንዱ አጥቢያ የሕፃኑን የክርስትና ስም፣ የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን ስምና ቀኑን ብቻ ይጽፋል፤ የዓለም ስሙን አይጠይቅም። ሌላው የአባቱን የዓለም ስም ይጽፍና የእናቱን ይተዋል። የእናትን ስም የሚጽፈውም አባቷን አይጨምርም፤ ስለዚህ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የትኛዋ እንደሆነች የሚለይ አይኖርም። ከእነዚህ መዝገቦች እናቱን ለማግኘት የሚሞክር ሰው የሚገጥመው ነገር እኔን ከገጠመኝ የተለየ አይሆንም፤ ልዩነቱ እኔ የምፈልጋት ከመቶ ዓመት በፊት የኖረች መሆኗና እርሱ የሚፈልጋት ትናንት የሞተች መሆኗ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሰሜን ሸዋ አድባራትና ገዳማት አስተዳዳሪዎችን፣ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎችንና የወረዳ ቤተ ክህነቶችን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በክርስትና መዝገቡ ላይ የሕፃኑ የክርስትና ስምና የዓለም ስም ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የአባትየው ከነአባቱ፣ የእናትየዋ ከነአባቷ፣ የመጡበትም አጥቢያ ይጨመር። የፍትሐት መዝገብ ያለው አጥቢያም እንዲሁ ያድርግ። ምሥጢርነቱን ለሚጠብቁ ቤተሰቦች መዝገቡ በዕቃ ቤት ተቆልፎ የሚቀመጥ መሆኑን ማስረዳት ይቻላል፤ ካህኑ በየቅዳሴው ጮክ ብሎ ከሚጠራው ስም ይልቅ የተቆለፈው የተሰወረ ነው። ይህን ለማድረግ አዲስ ደንብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በገጹ ላይ ሦስት መስመር ማስመር ይበቃል።

ለአንባብያን ደግሞ፣ ወደ አጥቢያ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ስለ ስጦታ ማለቴ አይደለም፤ ዕጣንና ሻማ ማንም አይረሳም። የነፍስ አባታችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የክርስትና ስም፣ ዘመኑንና የአጥቢያውን ስም ይዛችሁ ሂዱ፤ ከወረዳው ቤተ ክህነት የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፤ ከቅዳሴ በኋላ እንጂ በሥራ መካከል አትድረሱባቸው። መጽሐፉን ራሳችሁ አትግለጡ፤ የሚገልጥላችሁ ሰው አጠገባችሁ ይኑር፤ ፎቶ ግራፍ ከተከለከላችሁ አትከራከሩ፣ በእጃችሁ ጻፉ። በሕይወት ያለችውን አክስት ከመጽሐፉ አታስቀድሙ ከሚሉት ጋር ግን አልስማማም፤ እርሷን አስቀድሙ፤ ብራናው አራት መቶ ዓመት ቆይቷል፣ ይጠብቃል።

የቅድመ አያቴን አባት በተመለከተ፣ በአንኮበርና በአካባቢው ካሉ አንባብያን መካከል በቤቱ አሮጌ ዳዊት ወይም የነፍስ አባት ደብተር ያለው፣ ወይም ከእናት አያቶቹ መካከል አንዷ ወደ ጌራ ምድር እንደተዳረች ሲነገር የሰማ ሰው ቢኖር፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢጽፍልኝ የክርስትና ስሙን ለእርሱ ለብቻው ለመንገር ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር
ደብረ ብርሃን